የጋራ ቁና

ገበያ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ሱፐርማርኬት አላልንም። መሬት ላይ ማዳበሪያ ተዘርግቶ፣ እህል ተቆልሎ፣ አቧራው ከበርበሬው ጋር ተባብሮ የሚያስነጥስበትን ገበያ ነው ያልነው።

እኛ ያደግነው አጣዬ ነው። ወደ ደሴ ስትሄዱ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ፣ ከሚሴ ሳትደርሱ፣ ሙቀቱ መስኮት የሚያስከፍታችሁ አካባቢ ማለት ነው። እዚያ በገበያ ቀን እናቶቻችን ማሽላና ማሾ ሲሸጡ ቁና ይዋዋሱ ነበር። ሁሉም ቁና የለውማ! አንዷ ሰፍራ ስትጨርስ ለጎረቤቷ ታቀብላለች። ጎረቤቲቱ ታዲያ ቁናውን እንደተቀበለች እህል አትሰፍርበትም። መጀመሪያ ትደፋዋለች፣ ቂጡን መታ መታ ታደርገዋለች፣ ውስጡን ታያለች፣ ከዚያ ነው የምትሰፍረው። ልጅ ሆነን “ለምን?” ብለን ስንጠይቅ መልሱ አጭር ነበር። “የእሷ እህል ውስጡ ከቀረ የኔ ገዢ ይጎዳል።”

ይህን ያወቅነው በሰባት ዓመታችን ነው። በሃያ ምናምን ዓመታችን፣ ዲግሪ ይዘን፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን ረሳነው። የዛሬው ወጋችን ስለዚያ መርሳት ነው። ስለ ኮድ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉት፤ ውስጡ ፍየልም አለ።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ላይ የደረሰውን ሰምታችኋል። ከተማችን ተቃጠለች። ሰው ሞተ፣ ሰው ተፈናቀለ። ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል፤ እዚህ ጨረፍ አድርገን ልናልፈው አንፈልግም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤት ሲቃጠል መዝገብም ይቃጠላል። አንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር (ስሙ ይቆየን) መዝገቡን በሙሉ አጣ። ማን ምን ያህል እንዳስቀመጠ፣ ማን ምን ያህል እንደተበደረ የተረፈው አባላቱ ሲሸሹ ጉያቸው ውስጥ ይዘዋት በወጡት ደብተር ብቻ ነበር። ከእነዚያ ደብተሮች ነው መዝገቡ እንደገና የተሠራው። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች “ልጆች፣ እስቲ በኮምፒዩተር አድርጉልን” አሉን። እኛም ሦስት ነበርን፣ ሥራ አልነበረንም፣ እሺ አልን።

የሠራነው ነገር እንደ ድረ ገጽ ብሮውዘር ውስጥ የሚከፈት ነው፤ ኢንተርኔት ግን አይፈልግም። ጓዳው ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ሰርቨር ሆኖ ይቀመጣል፣ በሁለቱ መስኮቶች ያሉት ገንዘብ ተቀባዮች በገመድ ይገናኙታል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የኛ ሥራ አልቆመም። “አርቆ አሳቢዎች!” ተባልን። እውነቱን ለመናገር አርቀን አስበን ሳይሆን የኢንተርኔት መክፈያ ስላልነበረን ነው።

ሥራውን ለሦስት ተከፋፈልነው፦ የአባላት ገጽ፣ የቁጠባ ገጽ፣ የብድር ገጽ። ሦስቱም ገጾች የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደኛ የሚቀይር ትንሽ ኮድ። ኮምፒዩተሩ የሚያስበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ማኅበርተኛው ደግሞ የሚኖረው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ታዲያ ምን አደረግን? እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጻፍን። ከዚያም ሪፖርቱ ላይ ሲያስፈልግ ከአንዱ ገጽ ኮፒ አድርገን ሌላው ላይ ለጠፍን። በመጨረሻ አንዱ ሥራ አምስት ቦታ ተጽፎ ተገኘ።

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023) ጠዋት የቁጠባው ገጽ ገንዘብ አልቀበልም አለ። “ይህ ቀን የለም” ይላል። የብድሩ ገጽ ደግሞ የዚያኑ ዕለት አዲስ ዓመት ነው ብሎ መስከረም 1 ብሎ ይመዘግባል። የአባላቱ ገጽ ብቻ ልክ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ፈረንጆቹ ቀን የሚጨምሩት ለአራት ሲካፈል ምንም በማይተርፈው ዓመት ነው። እኛ ጋ ግን ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ሦስት በሚተርፈው ዓመት ነው። 2015ን ለአራት ብታካፍሉት ሦስት ይተርፋል። ከመካከላችን አንዱ የፈረንጁን ደንብ ጽፏል፣ ሌላው ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት አድርጓታል። ገንዘብ ተቀባይዋ ስቃ ልትሞት! “ዘመነ ሉቃስ ስድስት እንደሆነች ቤተ ክርስቲያን በር የሚቀመጥ ሁሉ ያውቃል። የናንተ ዲግሪ ይህን አላስተማራችሁም?”

አላስተማረንም። ግን ዕለቱን አንድ ትምህርት ወሰድን። መዝገብና ደንብ አንድ አይደሉም። መዝገብ ሲባዛ ጥሩ ነው፤ አባላቱ እጅ የነበረው ደብተር ነው በ2013 ማኅበሩን ያተረፈው። ደንብ ሲባዛ ግን አምስት ደንብ ይሆናል፣ አምስቱም በየራሳቸው መንገድ ይሳሳታሉ። ስለዚህ አምስቱን አጥፍተን አንድ የጋራ ቀን መቀየሪያ ሠራን፤ ሁሉም ገጽ ከእሱ ይዋስ አልን። ኮራን። ችግሩ የጀመረውም ከኩራታችን በኋላ ነው።

የጋራ መቀየሪያው እንዲህ ነበር የሚሠራው። አንድ ገጽ ይመጣና “ይህን ቀን ያዝልኝ” ይለዋል። ይይዛል። “ሦስት ወር ጨምርበት” ይለዋል። ይጨምራል። “አሁን ንገረኝ” ይለዋል። ይነግረዋል። ሥርዓት ያለው አገልጋይ ይመስላል። አንድ ሰው ሲጠቀምበት በእርግጥም እንከን የለውም። እኛም ስንፈትሸው የፈተሽነው አንድ በአንድ ነበር።

በጥር 2016 አንድ የገበያ ቀን ግን በሁለቱም መስኮት ሰልፍ ነበር። በአንደኛው መስኮት አንዲት እናት ለሦስት ወር የሚመለስ ብድር እየወሰዱ ነበር፤ መክፈያቸው ሚያዝያ 30። በሁለተኛው መስኮት ደግሞ አንድ ሰውዬ የአንድ ወር ብድር ይወስዳል፤ የሱ መክፈያ የካቲት 30። የእናታችን ገጽ ለመቀየሪያው “ይህን ያዝልኝ” ብሎ፣ “ንገረኝ” ከማለቱ በፊት፣ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ የሰውዬው ገጽ መጥቶ የራሱን አስያዘው። መቀየሪያው አንድ ነው፣ የሚይዘውም አንድ ቀን ነው። የእናታችን ቀን ተደፍቶ የሰውዬው ገባ። ከዚያ “ንገረኝ” ሲባል የካቲት 30 አለ። መዝገቡም ላይ የካቲት 30 ተጻፈ።

ማንም አላወቀም። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። በቃል የተነገራቸው “ሚያዝያ መጨረሻ” ነው፤ ያንን ይዘው ሄዱ።

መጋቢት ላይ የወር ቁጠባቸውን ሊያስገቡ ሲመጡ “እማማ፣ ብድርዎ አልፎበታል፣ ቅጣት አለብዎት” ተባሉ። “ሚያዝያ አላላችሁኝም እንዴ?” አሉ። ኮምፒዩተሩ የካቲት ይላል። ዋሳቸው ተጠሩ፤ አዛውንቱ ዋስ ሰው ፊት “እኔን አዋርደሽ!” አሏቸው። ቅጣቱ የአንድ ፍየል ዋጋ አይሞላም ነበር። ግን እሳቸው የሚሸጥ ነገር የነበራቸው ያችው አንድ ፍየል ናት። ሸጡና ከፈሉ።

እኛ ስንጠየቅ ምን እንዳልን ብናልፈው ደስ ይለን ነበር። ግን እንንገራችሁ። “ገንዘብ ተቀባይዋ ተሳስታ ጽፋ ይሆናል” አልን። ሄደን መቀየሪያውን ደጋግመን ሞከርነው፤ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ልክ መለሰ። “ያው፣ የሰው ስህተት ነው” ብለን ደመደምን። ያች ስለ ዘመነ ሉቃስ ያሳቀችን ልጅ ሳምንት ሙሉ ዓይናችንን አላየችም።

እውነቱ የወጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሌላ የገበያ ቀን፣ ሌላ ቀን ሲምታታ ነው። ያን ጊዜ አንዳችን “ሁለቱም ሰልፍ ያለባቸው ቀናት ናቸው” አለ። ማታ ቢሮውን ዘግተን ሁለት ጠያቂ ሠራን፤ አንዱ ሁልጊዜ ሚያዝያን፣ አንዱ ሁልጊዜ የካቲትን ይጠይቃል፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሺህ ሺህ ጊዜ ይጠይቁ አልን። ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ሲወርድ አየነው። ሚያዝያ፣ ሚያዝያ፣ ሚያዝያ... የካቲት... ሚያዝያ። ማናችንም ለትንሽ ጊዜ አልተናገርንም። ከዚያ አንዱ “ቁናው ውስጥ እህል ቀርቷል” አለ።

ችግሩ ይኼው ነው። አንድን ነገር ለብዙ ሰው የጋራ ስታደርገው ከማንም ምንም ነገር ውስጡ ማስቀረት የለበትም። ኮድ የምትጽፉ አንባቢዎቻችን ታውቁታላችሁ፤ እኛ አዲስ ነገር አልፈጠርንም፣ የጃቫ ሠሪዎች እንኳ ያለፉበት መንገድ ነው። ጃቫ ውስጥ ሲምፕል ዴት ፎርማት የሚባል የቀን መጻፊያ አለ። የሚሠራውን ቀን ውስጡ ይይዛል፤ ስለዚህም ብዙ ጠያቂ ባንድ ጊዜ እንዳይጋራው የራሱ መመሪያ ላይ ተጽፏል። በፈረንጆቹ 2014 ጃቫ 8 ሲወጣ የመጡት አዲሶቹ የቀን ዕቃዎች በሌላ መንገድ ተሠሩ፤ አንዴ ከተፈጠሩ አይለወጡም። ቀን ጨምርበት ስትሉት የያዘውን አይነካም፤ አዲስ ቀን ሠርቶ ይሰጣችኋል። ለሺህ ሰው ብታጋሩት አንዱ የሌላውን ሊያበላሽ አይችልም።

እኛም እንደዚያው አደረግን። “ያዝልኝ፣ ጨምርልኝ፣ ንገረኝ” የሚለውን ሦስት ንግግር አጥፍተን አንድ አደረግነው፦ ቀኑንና የሚጨመረውን ባንድ ላይ ስጠው፣ መልሱን ባንድ ጊዜ ተቀበል። መቀየሪያው ምንም አይይዝም። ሁለቱን ጠያቂዎች እንደገና ለቀቅንባቸው። አንድም አልተምታታ። ኮዱም በግማሽ አጠረ። (ሲያሳፍር!)

ከዚያ “የጋራ” ያልነውን ሁሉ ማገላበጥ ጀመርን። ሁለተኛ ጉድ ወጣ።

የስም መፈለጊያ ነበረን። መቼም አማርኛችን ለአንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ፊደል አለው፤ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። አንዱ “ፀሐይ” ብሎ ያስመዘገበውን ሌላው “ጸሀይ” ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም። ስለዚህ ሁሉንም ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ የጋራ ኮድ ጻፍን። ጥሩ ነው። ግን ኮዱ የተሰጠውን ስም ለፍለጋ ብቻ ቅጂውን በመቀየር ፈንታ ራሱን የአባሉን ስም ነበር የሚቀይረው። ከዚያ የአባላት ገጽ የተቀየረውን መዝገብ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ አንድ ሰው በተፈለገ ቁጥር ስሙ ይለወጣል! “ኃይሉ” የነበረው “ሀይሉ” ሆነ። አንድ አባል መታወቂያውን ይዞ መጥቶ “ስሜን ማን ነው የቀየረው? ባንክ ቤት ደብዳቤያችሁን አልቀበል አለኝ” አለን። ይህ ደግሞ በገበያ ቋንቋ ሲነገር ቁና የተዋሰህ ሰው እህሉን ሰፍረህ ትሰጠዋለህ እንጂ አትፈጭበትም ማለት ነው። የጋራ ዕቃ የተሰጠውን አይቶ ይመልሳል፤ አይነካም።

ሦስተኛው ጉድ ከኮዱ ሳይሆን ከኛው ነው። ብድሩን የያዘው ጓደኛችን ለብድር ወለድ ጳጉሜ እንዳትቆጠር ፈለገ። ትክክል ነው፤ የወር ደሞዝተኛም የጳጉሜ ደሞዝ የለውም። ግን የጋራ መቀየሪያው ውስጥ ገብቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ጳጉሜን ዘለላት። በማግስቱ የቁጠባ ወለድም በአምስት ቀን አጠረ። እሱ የሱን ገጽ ነው ያስተካከለው፤ የሌላው ተበላሸ። የቁናውን ጠርዝ ለራሱ እንዲመቸው ላጨው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስማማን። የጋራ ኮድ ሦስታችንም ሳናይ አይነካም። የራስህ የተለየ ደንብ ካለህ በራስህ ገጽ ጻፈው። የጋራው ሲነካ ደግሞ ፈተናዎቹ ሁሉ ይሮጣሉ፤ ጳጉሜ 5፣ ጳጉሜ 6፣ መስከረም 1፣ ሁለት ጠያቂ ባንድ ጊዜ፣ “ኃይሉ” ተፈልጎ “ኃይሉ” ሆኖ መቅረቱ። እያንዳንዱ ፈተና ያለፈ ጥፋታችን ነው።

ይህ ነገር ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በቆላው መስኖ ያላቸው ገበሬዎች ቦዩ የጋራ ነው፤ ግን የውሃ አባት አለ። ተራ ያወጣል፣ ቦዩ የሚጠረግበትን ቀን ይናገራል። ማንም ተነስቶ ቦዩን ወደ ማሳው አይሰብርም። የጋራ የሆነ ነገር አባት ከሌለው የማንም ነው፤ የማንም የሆነ ነገር ደግሞ ማንንም ይጎዳል።

“እናንተ ሦስት ሰዎች ናችሁ፣ ለትልቁ ዓለም ምን አገባችሁ?” ትሉን ይሆናል። ትልቁ ዓለምም ያው ነው። በፈረንጆቹ ማርች 2016 ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ከኢንተርኔት ተነሳች። ሥራዋ ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ ነበር። ጸሐፊዋ በስም ጉዳይ ተጣልቶ ኮዶቹን ሁሉ ሲያነሳ፣ እሷን በተዘዋዋሪ ተውሰው የነበሩ ስንት ትልልቅ ሥራዎች መገንባት አቃታቸው፤ ወዲያው መልሰው እስኪሰቅሏት ድረስ። በዲሴምበር 2021 ደግሞ ሎግ ፎር ጄ በሚባለው፣ ፕሮግራሞች የሠሩትን ለመመዝገብ በሚዋሱት የጃቫ ኮድ ውስጥ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። ከባንክ እስከ ጨዋታ ሠሪ “እኛ ጋ ይህ ነገር አለ ወይ?” እያለ ጓዳውን ሲፈትሽ ሰነበተ። ቁናው ከሩቅ ሰፈር የመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የማን እንደሆነ፣ የትኛው እትም እንደሆነ ጻፍ፣ ቅጂውንም ቤትህ አስቀምጥ። እኛ ኢንተርኔት ሲጠፋ ያልቆምነው የተዋስነው ሁሉ በሰርቨሩ ላይ ስለነበረ ነው።

በነገራችን ላይ (ይህን ስንጽፍ ራሳችን ላይ እየሳቅን ነው) የኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ በብዙ ሰው የተፈተነ ኮድ ድሮም ነበር። ጆዳ ታይም የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለ። ከዚያ ብንዋስ ዘመነ ሉቃስን ለማወቅ ሰው እስኪስቅብን ባልጠበቅን! ያልተዋስነው ስላላየን ነው፤ ያላየነው ደግሞ ስላልጠየቅን።

ወደ እናታችን እንመለስ።

ስህተቱ የኛ መሆኑን ባወቅን ማግስት ለማኅበሩ ኮሚቴ ተናገርን። ገንዘብ ተቀባይዋን ሰው ሁሉ ባለበት ይቅርታ ጠየቅን። ኮሚቴው ቅጣቱን መለሰ፤ ከአበላችን ላይ ጨምረን የፍየሏን ልዩነት ሞላን። ከዚያ ሦስታችንም፣ ዋሳቸውን አዛውንት ጨምረን፣ ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። እኛ እየተንተባተብን “እማማ፣ ማሽኑ ነው ያጠፋው፣ ቀኑን ከሌላ ሰው ጋር አምታትቶት...” ስንል አቋረጡን።

“ማሽኑን ማን ሠራው?”

“እኛ ነን።”

“እንግዲያው ማሽኑ አጠፋ አትበሉ፣ ልጆቼ።”

አዛውንቱ ዋስ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ተነስተው ይቅርታ ጠየቋቸው። እሳቸውም ሳቁና ሁለተኛውን ቡና ቀዱ።

አሁን እዚያ ሰርቨር ላይ ያለውን የጋራ ኮድ ብትከፍቱ፣ ከላይ በአማርኛ ሦስት መስመር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ውስጡ ምንም አይቅር። የተሰጠህን አትንካ። ሳትጠይቅ ጠርዙን አትላጭ። ሌላ የሚጽፍ ልጅ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። እናንተም አዲስ አበባ ሆናችሁ ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት የምትጽፉ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ማታ የጋራ ያላችሁትን አንድ ኮድ ክፈቱና ገልብጣችሁ ቂጡን መታ መታ አድርጉት። የሰው እህል ጠብ ቢል አትደንግጡ። ለባለቤቱ መልሱ እንጂ።

ቀጣዩ ዘመነ ሉቃስ 2019 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን፣ አላህም እግዜርም ካሉ፣ ሦስታችንም እዚያ ቢሮ ቁጭ ብለን ገንዘብ ተቀባይዋ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ስትቆርጥ እናያለን። ቡናው በኛ ነው።

ቸር ሰንብቱ!